ከፋብሪካ ሠራተኞች የተገኘ ትምህርት፤ የአባላዘር በሽታዎች ምርምር በደቡብ አዲስ አበባ

ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ አቋርጦ ወደ ቃሊቲና አቃቂ የሚዘልቀው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኙ የፋብሪካ ሰፈር ነው። የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማና አጎራባቹ አቃቂ ቃሊቲ የመዲናይቱን ነባር የኢንዱስትሪ ቀጠና ይጋራሉ። አደይ አበባን ወይም ጋርመንትን የመሳሰሉ የሰፈር ስሞች ከፋብሪካዎቹ የተወረሱ ናቸው። ሠራተኛው በአንዱ ክፍለ ከተማ አድሮ በሌላው የሚውል በመሆኑ የጤና ችግሩም የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። በአገራችን ስለ አባላዘር በሽታዎችና ስለ ኤች አይ ቪ ከተካሄዱት የክትትል ጥናቶች በስፋት የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ጫፍ፣ በአቃቂ መካሄዱ የአጋጣሚ ጉዳይ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መኖር ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ቫይረሱ የተገኘባቸው ሩብ ያህሉ ነበሩ። በ1998 በከተማዋ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ከተመረመሩት መካከል ግን ከመቶ 70 የሚበልጡት በቫይረሱ ተይዘው ተገኝተዋል። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የታየው ይህ ልዩነት እንደ ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክርና ባምቡሌ ያሉትን ነባር የአባላዘር በሽታዎች በአዲስ ዓይን እንዲታዩ አስገድዷል። በብልት ላይ የሚወጣ ቁስልና ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ለኤች አይ ቪ መግቢያ በር እንደሚከፍት ታውቆ ነበርና፣ በሩን በሕክምና መዝጋት ይቻል እንደሆነ ማጣራት የዘመኑ ዐቢይ የምርምር ጥያቄ ሆነ።

የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የተቋቋመው በ1994 ነው። ፕሮጀክቱ በዛሬ መጠሪያው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን፣ በቀድሞ ስሙ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት የተባለውን ተቋም ከአምስተርዳም የጤናና የምርምር ተቋማት ጋር ያስተሳሰረ ነበር። ከ1997 ጀምሮ አቃቂ በሚገኘው የቃጫ ምርቶች ፋብሪካና በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ፈቃደኛ ሠራተኞችን መዝግቦ በየስድስት ወሩ መከታተል ጀመረ። ተመዝጋቢዎቹ ስለ ወሲባዊ ባሕርያቸው በመጠይቅ ይጠየቃሉ፤ የጤና ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ የደም ናሙና ይሰጣሉ፤ የጤና ትምህርትና የምክር አገልግሎትም ያገኛሉ።

የሁለቱ ፋብሪካዎች ወንድ ሠራተኞች ውጤት በ2003 ታትሟል። እስከ 1999 መጨረሻ ከተመዘገቡት 1 ሺህ 124 ወንዶች መካከል በቅርብ ጊዜ ከአጋጣሚ ጓደኛ ጋር ግንኙነት እንደፈጸሙ የተናገሩት መጀመሪያ ላይ ከመቶ 17 ነጥብ 5 ሲሆኑ፣ በአራተኛው የክትትል ዙር ወደ 3 ነጥብ 5 ዝቅ ብለዋል። በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩ ሴቶች ጋር ግንኙነት የነበራቸው ደግሞ ከ11 ነጥብ 2 ወደ አንድ ከመቶ እንኳ ወደማይሞላ ቁጥር ወርደዋል። ከብልት ፈሳሽ ታይቶናል ያሉት ከ2 ነጥብ 1 ወደ 0 ነጥብ 6 ከመቶ ቀንሰዋል።

እነዚህን ቁጥሮች የሚጠቅስ የሥራ ኃላፊ ሁለት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባል። አንደኛ፣ ጥናቱ ያለ ምክርና ያለ ትምህርት የቆየ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ስለሆነም ለውጡ ከፕሮጀክቱ አገልግሎት የመጣ ይሁን ወይም በዚያው ዘመን በአገሪቱ ከተካሄደው ሰፊ ቅስቀሳ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሰው ስለ ወሲብ ሲጠየቅ፣ በተለይ ለአራተኛ ጊዜ በዚያው ሐኪም ሲጠየቅ፣ ጠያቂው ሊሰማ የሚወደውን መልስ ሊሰጥ ይችላል። የፈሳሽ ምልክቱ ከባሕርይ ለውጡ ጋር አብሮ መቀነሱ ግን መልሱ ፈጽሞ ባዶ እንዳልነበረ ይጠቁማል፤ ምንም እንኳ ምልክቱም ራሱ በቃል የተነገረ ቢሆን።

የቃልና የላቦራቶሪ መረጃ ልዩነት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል በጎረቤት አገር ኬንያ በቅርቡ ታይቷል። ከግንኙነት በኋላ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት መውሰድ የአባላዘር በሽታን ይከላከል እንደሆነ በኪሱሙ ከተማ በ449 ሴቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በ2023 ይፋ የሆነው ውጤት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። መድኃኒቱን እንወስዳለን ከተባሉት ሴቶች በተወሰደ የጸጉር ናሙና ምርመራ መድኃኒቱ የተገኘው ከ200 ናሙናዎች በ58ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ዘንድ በሽታዎቹን በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደቀነሰ ያስታወቀው ይኸው መድኃኒት ነው። ጸጉሩ ባይመረመር ኖሮ ጥፋቱ በመድኃኒቱ ላይ ሊላከክ ይችል ነበር።

የአባላዘር በሽታን ማከም የኤች አይ ቪን ስርጭት ይገታል ወይ የሚለው ጥያቄም ቀላል ምላሽ አላገኘም። በታንዛንያ ሙዋንዛ በ1995 የወጣው ጥናት በጤና ጣቢያዎች የሚሰጠውን ሕክምና ማሻሻል አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝን በ40 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። በኡጋንዳ ራካይ ነዋሪውን በጅምላ ያከመው ጥናት በ1999 ተመሳሳይ ውጤት ሳያገኝ ቀረ። ባለሙያዎች ለልዩነቱ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የወረርሽኙ ደረጃ ነው፤ ቫይረሱ በስፋት ከተሰራጨ በኋላ የሌሎቹ በሽታዎች ድርሻ ያንሳል። ሌላው በሁለቱም ጥናቶች መድኃኒት ያልተነካው የብልት ኸርፐስ ነው። በኋላም ኸርፐስን በአሲክሎቪር መቆጣጠር ኤች አይ ቪን እንደማይከላከል በተከታታይ ሙከራዎች ተረጋግጧል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ቁም ነገር የአባላዘር በሽታ በራሱ ጉዳት ምክንያት በጀት የሚገባው መሆኑ ነው፤ መካንነቱ፣ የጽንስ መጨናገፉና የጨቅላዎች ሞት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራበት አሠራር በምልክት ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይባላል። ባለሙያው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ፣ በሽተኛው የሚናገረውንና በምርመራ የሚታየውን ይዞ ለዚያ ምልክት መነሻ ሊሆኑ የሚችሉትን ዋና ዋና በሽታዎች በአንድ ጊዜ ያክማል። የወንድ ብልት ፈሳሽ ላለበት ሰው ለጨብጥም ለክላሚዲያም መድኃኒት ይሰጠዋል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ በሽተኛው ነገ ተመለስ ተብሎ የሚቀርበት ዕድል የለም፤ ለወንዶች ፈሳሽና ለብልት ቁስልም በአመዛኙ ይሠራል።

በሴቶች ላይ ግን ዘዴው ይደክማል። ፈሳሽ አየሁ ብላ የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ ያለባት ችግር በግንኙነት ከሚተላለፉት ውስጥ አይደለም፤ የብልት ተፈጥሯዊ ተሕዋስያን ሚዛን መዛባት ወይም ካንዲዳ ሊሆን ይችላል። ይህች ሴት የአባላዘር ሕመምተኛ ተብላ ለባሏ ወረቀት ሲላክ በቤት ውስጥ የሚነሣውን ጠብ መገመት አያዳግትም። በአንጻሩ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ያለባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለማታይ ወደ ጤና ጣቢያው አትመጣም፤ ብትመጣም ለሌላ ጉዳይ ነው። በሽታው ወደ ማሕፀን ቱቦ ወጥቶ ጠባሳ ካኖረ በኋላ የሚታወቀው ልጅ ስትፈልግ ነው። ጋብቻ ከለላ እንዳልሆነም በአዲስ አበባ ሴቶች ላይ ተካሂዶ በ1990 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አመልክቷል፤ የወር አበባ ከማየታቸው በፊት ግንኙነት የጀመሩት ለእነዚህ በሽታዎች ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል።

ስለዚህ የጓደኛ ሕክምና የዘዴው ምሰሶ ነው። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የጥሪ ካርዱ የበሽታውን ስም ሳይጽፍ ተቀባዩን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲጋብዝ ሆኖ የሚዘጋጀው ለዚህ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ካርዱን ይዞ የሚሄድበት ሰዓት ከሌለው ጥሪው ኪስ ውስጥ ይቀራል። የጤና ጣቢያውን የሥራ ሰዓት ከፋብሪካው ፈረቃ ጋር ማጣጣም የሐኪም ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነው።

መድኃኒቶቹም እየደከሙ መጥተዋል። የጨብጥ ተሕዋስ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በየተራ ተላምዷል። የ2006ቱ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ለጨብጥ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ያዝዝ ነበር፤ የ2015ቱ መመሪያ በመርፌ በሚሰጠው ሴፍትሪያክሶንና በአዚትሮማይሲን ተክቶታል። ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ አንድ ሁለት ፍሬ ገዝቶ መዋጥ ለተሕዋሱ ልምምድ እንደመስጠት ይቆጠራል። ተሕዋሱን አሳድጎ የመድኃኒት ምላሹን የሚለካ ላቦራቶሪ በቅርብ ከሌለ ደግሞ መድኃኒቱ መድከሙ የሚታወቀው ከረፈደ ነው።

ቂጥኝ በአንጻሩ ለጥንቱ መድኃኒት እጁን እንደሰጠ ነው። 2 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛታይን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ በመርፌ መስጠት በመጀመሪያ ደረጃ ያለ ቂጥኝን ይፈውሳል፤ ነፍሰ ጡር እናት በጊዜ ከታከመች ልጇም ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በአንድ ጊዜ የሚለየውን ፈጣን ምርመራ ለነፍሰ ጡሮች በ2019 መክሯል። በክትባት በኩል ኢትዮጵያ ለማሕፀን በር ካንሰር መነሻ የሆነውን ቫይረስ የሚከላከለውን ክትባት በታኅሣሥ ወር 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። አንድ ጊዜ ብቻ መከተብ በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ በኬንያ የተካሄደ ጥናት በ2022 አረጋግጧል።

በሥራ ቦታ ለሚካሄድ ጥናት ፈቃድ የሚሰጥ ኃላፊ የመዝገቡን አያያዝ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። ሠራተኛው ደሙን ሲሰጥ ውጤቱ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር እንደማይሄድ እርግጠኛ ካልሆነ አይመዘገብም፤ ቢመዘገብም እውነቱን አይናገርም። የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ለዓመታት ደማቸውን የሰጡት ለራሳቸው መድኃኒት ሳያገኙ ነበር። ከእነርሱ የተገኘው መረጃ ስለ ኢትዮጵያውያን የደም ሕዋሳትና ስለ ቫይረሱ ባሕርይ ዛሬም የሚጠቀስ ዕውቀት አስገኝቷል። ከፕሮጀክቱ ተመራማሪዎች አንዷ የነበሩት ዶክተር ጸሐይነሽ መሰለ በኋላ ኢንስቲትዩቱን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። አገሪቱ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በነፃ ማደል የጀመረችው በ2005 መጀመሪያ፣ የአቃቂው ምዝገባ ከተጀመረ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።