ወንዙን ያጣው ድልድይ

ድልድይ የሚሠራው ውሃን ለመሻገር ነው። ውሃው ከሄደ ድልድዩ ምን ይሆናል? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። በኢራኗ ኢስፋሃን ከተማ ግን ከ400 ዓመት በላይ የቆመ ድልድይ ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ዛሬ ታሪኩን አብረን እንይ።

ቀዳማዊ ሻህ አባስ የሰፈዊድ መንግሥትን መናገሻ ከቃዝቪን ወደ ኢስፋሃን ያዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1598 ነበር። አዲሲቱን መዲና በሰፊ አደባባይ፣ በመስጂድ፣ በገበያና በአትክልት ስፍራ አስዋቧት። ሰዎችም «ኢስፋሃን የዓለም ግማሽ ናት» እስከማለት ደረሱ። በከተማዋ መካከል የሚያልፈው ወንዝ ዛያንዴ ሩድ ይባላል፤ ትርጉሙም «ሕይወት ሰጪው ወንዝ» ማለት ነው።

በዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲያሠራ የታዘዘው የጦር አዛዡ አላህቬርዲ ኻን ነበር። ይህ ሰው ትውልዱ ጆርጂያ ሲሆን ከባሪያ ወታደርነት ተነስቶ በመንግሥቱ ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ የሆነ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1599 እስከ 1602 ተከናወነ። ድልድዩ ርዝመቱ 300 ሜትር ገደማ ነው። በ33 ቅስቶቹ የተነሳ ሕዝቡ «ሲ ኦ ሴ ፖል» ብሎ ጠራው፤ «ሠላሳ ሦስቱ ድልድይ» እንደማለት ነው። መሃሉ ለጭነት እንስሳትና ለነጋዴ ቅፍለት፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ለእግረኛ የተተወ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከጁልፋ ከተማ እንዲፈልሱ የተደረጉት አርመናውያን የሐር ነጋዴዎች ከወንዙ በስተደቡብ ሰፈሩ። ድልድዩም የሙስሊሙን ከተማ ከክርስቲያኖቹ ሰፈር ጋር አገናኘ።

ከዚያ ወዲህ ሥርወ መንግሥታት ወደቁ፣ ወራሪዎች መጡ ሄዱ። ድልድዩ ግን ጎርፉንም ጦርነቱንም አሳልፎ ቆመ። ዛሬ መኪና አያልፍበትም። ማታ ማታ ቤተሰብ የሚንሸራሸርበት፣ ወጣቱ ከቅስቶቹ ሥር ተቀምጦ የሚያወጋበት ቦታ ነው።

አሁን የመጣበት አደጋ ግን ከቀድሞው ሁሉ የተለየ ነው። ከ2000 ወዲህ ዛያንዴ ሩድ በከተማዋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኗል። ድርቁ አንድ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። የወንዙ ውሃ ከላይ በግድብ ተይዞ ለእርሻ፣ ለብረት ፋብሪካዎችና በቧንቧ ወደ ያዝድ ከተማ ይከፋፈላል። ወንዙ ሲጠፋ ሰው ፊቱን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ አዞረ። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተቆፈረ። ውሃው ከሥር ሲመጠጥ አፈሩ ይታመቃል፤ መሬቱም ይሰምጣል። መሬቱ በየቦታው እኩል ስለማይሰምጥ በላዩ ያለው ግንብ ይሰነጠቃል። በኢስፋሃን ታሪካዊ ሕንፃዎች ላይ ስንጥቅ መታየት ጀምሯል። ሲ ኦ ሴ ፖልም ከስጋቱ አላመለጠም። መሠረቱ የተጣለው ዘወትር በእርጥበት ውስጥ እንዲኖር ታስቦ ነው፤ አሁን ግን ይደርቃል፣ አልፎ አልፎ ውሃ ሲለቀቅ ይርሳል፣ መልሶ ይደርቃል።

ጉዳቱ የድንጋይ ብቻም አይደለም። በኅዳር ወር 2021 በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎችና የከተማው ነዋሪዎች በሌላው ጥንታዊ ድልድይ፣ በኻጁ አቅራቢያ፣ በደረቁ ወንዝ ላይ ተሰብስበው «ውሃችን ይመለስ» አሉ። በመጨረሻ የጸጥታ ኃይሎች በተኗቸው። ለገበሬው ውሃው እንጀራው ነው። ውሃ በተለቀቀ ጊዜ ግን ከተማው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ሕፃን አዋቂው ድልድዩ ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ውሃ ሲመጣ ያያል።

እዚህ ላይ የቦስኒያዋን ሞስታር እናስታውስ። በዑስማኒዮች ዘመን በ1566 የተጠናቀቀው የሞስታር ድልድይ በ1993 በጦርነት በመድፍ ተመትቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። በ2004 ግን በዚያው ቦታ፣ በቀድሞው መልኩ እንደገና ተሠርቶ ተከፈተ። ድልድዩ ሲፈርስ ወንዙ ነበር። በኢስፋሃን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ድልድዩ አለ፣ የሌለው ወንዙ ነው። የተሰነጠቀ ቅስት በባለሙያ እጅ ይጠገናል። ባዶ የሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ግን በሲሚንቶ አይሞላም። የሰመጠ መሬትም ወደ ነበረበት አይመለስም።

ስለዚህ የሲ ኦ ሴ ፖል ዕጣ የሚወሰነው ድልድዩ ላይ ሳይሆን ከእሱ ብዙ ርቆ፣ ውሃው በሚከፋፈልበት ቦታ ነው። ለማን ስንት ይድረስ? የትኛው ጉድጓድ ይዘጋ? የትኛው ፋብሪካ ይቀንስ? እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም የሚኖርበት ነገር አለውና።

ውድ ወጣቶች፣ እኛ ስለ ቅርስ ስናወራ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው ግንቡ ላይ ነው። አንድ ጥንታዊ መስጂድ ወይም በር ሲታደስ ደስ ይለናል፣ ፎቶ እንነሳለን። ደግም ነው። ነገር ግን ግንቡን ያቆመው ከሥሩ ያለው አፈር፣ አጠገቡ ያለው ውሃ፣ ዙሪያውን የሚኖረው ሰው ነው። እነሱን ሳንጠብቅ ግንቡን ጠበቅን ማለት አንችልም። እናንተ በምትኖሩበት ከተማ ያለው አሮጌ ቅርስ የቆመው በምን ላይ ነው? እስኪ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ታላላቆችንም ጠይቁ።