ስለ አሮጌ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች አሰባሰብና አለያየት

ሳይረን የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከግሪኮች ተረት ነው። በተረቱ ሳይረኖች የተባሉት ፍጡራን መርከበኞችን በዜማቸው እያማለሉ ወደ ጥፋት ይስቡ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ካኛር ደ ላ ቱር በ1819 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለሠራው መሣሪያ ይህን ስም የሰጠው፥ በውሃ ውስጥም ሆኖ ድምፅ ማሰማት ስለሚችል ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ስምና ግብር ተቃራኒ ሆኑ፤ የተረቱ ሳይረን «ና» እያለ ሲያጠፋ የብረቱ ሳይረን «ሽሽ» እያለ ያድናል። ካኛር ራሱ ሰውን ለማስጠንቀቅ አላሰበም። የእርሱ ዓላማ አንድ ድምፅ በሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ቈጥሮ ማወቅ ነበር። ይህ ተረስቶ የኖረው የመቍጠር ሥራ ዛሬ አሮጌ ሳይረኖችን ሰብስቦ ለመለየት ለሚደክሙት ሰዎች ከማናቸውም መረጃ ይልቅ የታመነ ሆኖ ይገኛል።

የመሣሪያው አሠራር ረቂቅ አይደለም። በዙሪያው ቀዳዳዎች ያሉት ጎማ፥ እንደዚሁ ቀዳዳዎች ባሉት በማይንቀሳቀስ ቀፎ ውስጥ በሞተር ኃይል ይሽከረከራል። ቀዳዳ ከቀዳዳ ሲገጥም አየር ተገፍቶ ይወጣል፤ ሲተላለፍ ይታገዳል። ይህ መውጣትና መታገድ በሰኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ እንደ አንድ ድምፅ ይሰማዋል። ጎማው ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲዘገይ ይወፍራል። የጦርነትን ዘመን ያዩ ሰዎች የማይረሱት ከፍ ዝቅ የሚል ዋይታም ሞተሩን በየጊዜው ከመክፈትና ከመዝጋት የሚመጣ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በአሜሪካ የሲቪል መከላከያ ሕግ በጥር ወር 1951 ከወጣ በኋላ፥ የፌዴራሉ መንግሥት ለሳይረን መግዣ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉን እየሸፈነ ከተሞችን ያበረታታ ጀመር። ፌዴራል የተባለው የምልክት መሣሪያዎች ኩባንያ ተንደርቦልት የተባለውን ሳይረን በ1952 ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት አውቶሞቢል ሠሪው ክራይስለር 180 የፈረስ ጉልበት ባለው የቤንዚን ሞተር የሚሠራ ሳይረን አወጣ፤ የዚህም ድምፅ በ30 ሜትር ርቀት ላይ 138 ዴሲቤል ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ብርቱ ሳይረን ስለ መሠራቱ የሚናገር አይገኝም። ነገር ግን የተፈራው ጦርነት ሳይመጣ ቀረ። የሎስ አንጀለስ ከተማ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ በአራት ሰዓት ጧት ታደርገው የነበረውን ሙከራ በ1985 አቆመች፤ ብሪታንያም አገር አቀፍ የሳይረን መረብዋን ከ1992 ጀምሮ አፈረሰች። በየቦታው የወረደው ብረትና አሉሚንየም በአብዛኛው በኪሎ ተመዝኖ ተሸጠ።

ከማቅለጫው ምድጃ የተረፈውን ሊሰበስቡ የተነሡት በብዛት የሙዚየም ሹማምንት አይደሉም፤ መካኒኮች፥ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ሊቃውንት ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ መቍጠራቸው ተገቢ አይደለም። የአንድ ዘመን ፍርሃት በምን ዓይነት ድምፅ እንደ ተሰማ የሚያስረዳው ማስረጃ ዛሬ ያለው ከመዝገብ ቤት ይልቅ በነዚህ ሰዎች ጓሮ ነውና።

ሰብሳቢው አስቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር የሠሪው ስምና ቍጥር የተቀረጸበት ሰሌዳ ዝጎ ወይም ተነቅሎ መገኘቱ ነው። በሎስ አንጀለስ ተመልካቾች ዓይነቶቹን በመልካቸው እየሰየሙ አንዱን «የሽቦ መጠቅለያ» ሌላውን «የወፍ ቤት» ብለዋቸዋል። እነዚህ ስሞች ለመግባቢያ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ቀፎውን ብቻ የሚያዩ ስለ ሆኑ በውስጡ ያለውን ጎማ አይነግሩንም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰብሳቢ ቀዳዳዎቹን ይቈጥራል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰኮንድ 60 ዑደት ስላለው፥ የተለመደው የሳይረን ሞተር በደቂቃ 3450 ጊዜ ያህል፥ ማለት በሰኮንድ 57 ጊዜ ተኩል ይዞራል። ጎማው 12 ቀዳዳ ቢኖረው 690፥ 10 ቢኖረው 575 ንዝረት ይሰጣል። በአውሮፓ ግን ዑደቱ 50 ስለ ሆነ ተመሳሳዩ ሞተር በደቂቃ የሚዞረው 2850 ጊዜ ያህል ነው፤ በዚያም ባለ 12 ቀዳዳው 570 ይሆናል። እንግዲህ የአውሮፓው ባለ 12 ቀዳዳና የአሜሪካው ባለ 10 ቀዳዳ ለጆሮ አንድ ሊመስሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ይህ የእገሌ ፋብሪካ ሥራ ነው» የሚል ሰው በዚህ ቦታ በቀላሉ ይሳሳታል።

ሁለት ድምፅ በአንድነት የሚያወጡት ሳይረኖች ከዚህ የተሻለ ምስክር ይሰጣሉ። በአንድ ዘንግ ላይ ባለ 10 እና ባለ 12 ቀዳዳ ጎማዎች ሲገጠሙ፥ የድምፆቹ ንጽጽር ምንጊዜም 5 ለ 6 ነው፤ የአውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት ትንሹ ሦስተኛ የሚሉት ርቀት ይህ ነው። ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ንጽጽሩ አይለወጥም። ከዚህም የተነሣ የቀድሞ የድምፅ ቅጂ በተሳሳተ ፍጥነት ተጫውቶ ድምፁ ቢቀጥን ወይም ቢወፍር እንኳ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጎማውን ዓይነት ያጋልጣል። የክራይስለሩ ሳይረን ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ውጭ ነው፤ በነዳጅ የሚሠራ ስለ ሆነ ፍጥነቱን የኤሌክትሪክ ዑደት አይወስነውም።

የሰዎችን ትዝታ በምስክርነት ለሚቀበል ተመራማሪ ተንደርቦልት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በዚህ ሳይረን አየሩን የሚያዘጋጀው ለብቻው የተቀመጠ መንፊያ ሲሆን፥ የጥሩምባው አፍ በምሰሶው ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። አፉ ወደ አድማጩ ሲመለስ ድምፁ ይበረታል፥ ሲያልፍ ይደክማል። ስለዚህ መሣሪያው ያለማቋረጥ አንድ ወጥ ድምፅ ሲያሰማ የነበረ ቢሆንም፥ ሰሚው «ከፍ ዝቅ ይል ነበር» ብሎ በእውነት ሊመሰክር ይችላል። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ በ1950ዎቹ የአሜሪካ ሥርዓት ወጥ ድምፅ «ልብ በሉ»፥ ከፍ ዝቅ የሚለው «ጥቃት ደርሷል፥ ተጠለሉ» ማለት ነበር።

እድሳት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። አሮጌው ሞተር ሲቃጠል ፍጥነቱ የተለየ ሞተር የሚተክሉ፥ የቀለሙንም ድርብርብ ልጣጭ እስከ ብረቱ ፍቀው በአዲስ ቀለም የሚያሳምሩ ብዙዎች ናቸው። ቀለሙ ከተማው መሣሪያውን ስንት ጊዜ እንዳደሰው ይናገር ነበር፤ ሞተሩ ድምፁን ይወስን ነበር። እንዲህ የታደሰው ሳይረን ለዓይን ያማረ፥ ለታሪክ ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው። ያልሠራ ሞተር ባለበት ተጠብቆ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከብረቱ ጋራ መሰብሰብ የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ የምልክቱ ሥርዓት ነው። በእኛ አገር ነጋሪት ሲጐሰም ሕዝቡ ከበሮውን ብቻ አልነበረም የሚሰማው፤ አዋጅ መኖሩን ያውቅ ነበር፥ የነጋሪቱም ብዛት የሹሙን ማዕርግ ያመለክተው ነበር። ሳይረንም እንዲሁ በስምምነት እንጂ በተፈጥሮው አይናገርም። በግንቦት ወር 1960 በቺሊ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው ማዕበል የሃዋይዋን ሂሎ ከተማ ሲመታ 61 ሰዎች ሞቱ። ሳይረኖቹ ግን ማዕበሉ ከመድረሱ አራት ሰዓት ያህል አስቀድመው ጮኸው ነበር። ከአደጋው በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፥ አብዛኛው ነዋሪ ድምፁን ሰምቷል፤ የምልክቱ ሥርዓት ከጥቂት ጊዜ በፊት ተለውጦ ስለ ነበር ግን አንዱ «ተዘጋጁ» ሌላው «ውጡ» ማለት መስሎት፥ ብዙው ሰው ሌላ ምልክት ሲጠብቅ በቤቱ ቈየ። ብሪታንያ በበኩልዋ በ1940 የቤተ ክርስቲያን ደወሎችን ዝም አሰኝታ፥ ለጠላት ወረራ ምልክት ብቻ እንዲደወሉ አዝዛ ነበር፤ ለጸሎት የሚጠራው ድምፅ በአንድ ትእዛዝ የጦርነት ድምፅ ሆነ። ሳይረኑን ሰብስቦ በዘመኑ በየቤቱ የታደለውን የምልክት መግለጫ ወረቀት የሚጥል ሰብሳቢ ቃሉን ይዞ ፍቺውን እንደ ጣለ ይቈጠራል። ወረቀቱ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ቶሎ ይጠፋል።

በሎስ አንጀለስ ዛሬም አያሌ ሳይረኖች በየመንገዱ ዳር በምሰሶዎቻቸው ላይ እንደ ቆሙ ናቸው። ከሥራቸው የሚያልፈው ሕዝብ አብዛኛው ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅም። ቍመታቸውና ቀለማቸው በፎቶግራፍ ተይዟል፤ በየቀፎው ውስጥ ያለውን ጎማ ቀዳዳ ግን ምሰሶው ላይ ወጥቶ መቍጠር ያስፈልጋል።