የእቴጌ ጣይቱ ሰንጠረዥ ለምን አልተጻፈም?

ግሸን ማርያም ያለው መጽሐፈ ጤፉት ስሙን ያገኘው ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነው ይባላል። እንዲህ በትዕግሥት የሚጽፍ አገር፣ የሰንጠረዥ ጨዋታውን ለምን አልጻፈም? እቴጌ ጣይቱ ብጡል ጎበዝ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል፤ ከጨዋታቸው ግን አንድም እርምጃ ተጽፎ አልደረሰንም።

አንዱ ምክንያት ሕጉ ይመስለኛል። ዛሬ በምንጫወተው ቼዝ ነጭ ይጀምራል፣ ጥቁር ይከተላል። የእኛ ሰንጠረዥ መክፈቻ ግን «ወረራ» ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ የሌላውን አሰላለፍ አይተው ያንቀሳቀሱትን መመለስም ይችላሉ። ዙሪያውን የከበበው ሰው ደግሞ ይመክራል፣ ይጮኻል። እስቲ እዚያ መሃል ብዕር ይዛችሁ ተቀመጡ! ኢንጂነሪንግ ስማር መጀመሪያ ከገቡኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ሁለት ምልክት አንድ ላይ ሲመጣ የትኛው ቀደመ ለማለት የጋራ ሰዓት ያስፈልጋል። ወረራ ሰዓት የለውም። (ይህ ሙሉ ሰበብ አይሆንም። ጠጠር ከተበላ በኋላ ተራ ስለሚገባ፣ አሰላለፉን ስሎ ከዚያ መመዝገብ ይቻል ነበር።)

መመዝገብ ምን እንደሚያተርፍ ለማየት ቬራ ሜንቺክንና ሶንያ ግራፍን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1939 ቦነስ አይረስ ላይ ለሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ተገናኙ፤ ውድድሩ ሳያልቅ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሙኒክ የተወለደችው ግራፍ የተጫወተችው በናዚ ጀርመን ስም አልነበረም። ከሜንቺክ ጋር ስትጋጠም የሚያሸንፍ ቦታ ይዛ ነበር፤ ተሳሳተችና ተሸነፈች። ሜንቺክ ከ19 ጨዋታ 17ቱን አሸንፋ፣ በ2ቱ አቻ ወጥታ ሻምፒዮንነቷን አስከበረች።

እ.ኤ.አ. በ1944 ለንደን ውስጥ ቤታቸው ላይ የወደቀ የጀርመን በራሪ ቦምብ ሜንቺክን ከእናቷና ከእህቷ ጋር ገደላት። የቦነስ አይረሱ ጨዋታ ግን አለ። ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ግራፍ የሳተችበትን እርምጃ ራሳችሁ መፈለግ ትችላላችሁ።

ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እየጠፋ ሄዷል። ያንኑ ስልክ ከጨርቁ በላይ አቁሞ የጨዋታውን ወረራ መቅረጽ ግን አሁን ቀላል ነው፤ የቪዲዮው ሰዓት የትኛው እጅ እንደቀደመ ይነግረናል። የሚጫወቱ ሁለት ሴቶች ካሉ፣ ቀራጩ እኔ ነኝ።