ከቫርኒሽ እስከ መከላከያ ልባስ፦ የመኪና ቀለምና የእጅ ሥራ ታሪክ



የቴክኖሎጂን ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከፈጠራ ነው፤ የምንጨርሰውም ፋብሪካው በር ላይ ነው። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ማን አጠበው፣ ማን ወለወለው ብለን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ ይህንን ጥያቄ በአንዲት ትንሽ ሥራ በኩል አነሣለሁ፤ እርሷም የመኪናን ቀለም መከላከያ ልባስ በእጅ መቀባት ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተቀቡት በፈረስ ሠረገላ ቀቢዎች ጥበብ ነበር። ባለሙያው ቀለሙንና ቫርኒሹን በቡሩሽ ይደራርባል፤ እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ፈግፍጎ ያለሰልሳል፤ ዳግመኛ ይቀባል። ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ፎርድ በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ከዘረጋ በኋላ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው የሻንሲ መገጣጠም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲን በጥቁር ቀለም ብቻ ሲያቀርብ፣ በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ መኪና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ግን አሁንም የቫርኒሹን መድረቅ ይጠብቁ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። ዱፖንና ጄኔራል ሞተርስ ያዘጋጁት «ዱኮ» የተባለው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለ1924 የኦክላንድ መኪኖች ዋለ። በመርጫ ይረጫል፤ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ቡሩሹ ከቀቢው እጅ ወጣ፤ እጅ ግን ከሥራው አልወጣም። ዱኮ ሲደርቅ ፈዘዝ ይል ስለነበር ወዙ የሚወጣው በማሸት ነበር። ከዓመታት በኋላ ፀሐይና አየር ሲያደበዝዙትም እንደገና መወልወል ያስፈልገዋል። በቫርኒሽ የተቀባ መኪናም እርግጥ እንክብካቤ ይሻ ነበር፤ ሲሰነጣጠቅ ግን ወደ ባለሙያው ይመለሳል። የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ፋብሪካው ከቆጠበው ድካም ከፊሉ ወደ ባለቤቱ ግቢ ተሸጋገረ።

ባለቤቱ የያዘው ሰምም በሌላ እጅ ያለፈ ነበር። ካርናውባ የሚባለው ሰም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ይገኛል፤ ዛፉ በድርቅ ወራት እርጥበቱን የሚጠብቅበት ነው። ሠራተኞች ቅጠሉን ቆርጠው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ደብድበውም ዱቄቱን ያራግፋሉ። በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ሲሊኮንና ፖሊመር ያለባቸው ሰው ሠራሽ ልባሶች ተስፋፉ። ከሰም ይልቅ ይቆያሉ፤ አቀባባቸው ግን ብዙም አልተለወጠም።

መኪናው ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ላሜራው በፀሐይ የጋለ መሆን የለበትም። ልባሱ በስፖንጅ ቦታ በቦታ በስሱ ይዳረሳል፤ ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ማወፈር ትርፍ የለውም፤ የበዛው በጨርቁ ተጠርጎ ይሄዳልና። ከጨርቁ ሥር የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ግን ቀለሙን ትጭራለች፤ ይህን ከዓይን ቀድሞ የሚያውቀው መዳፍ ነው።

ባለቤቱ ራሱ በማይሠራበት ከተማ ሥራው ለቅጥር እጅ ይተላለፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ባልዲና ጨርቅ ይዘው በመንገድ ዳር መኪና የሚያጥቡትን ወጣቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። መኪናው ሊብሬ አለው፤ የአጣቢው ሙያ ግን የሚመዘገብበት መዝገብ እምብዛም ነው። ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ቤተ መዛግብት ብቻ አትሂዱ፤ እነርሱንም ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ሳይረሳ ጻፉት።