ፉርጎና ቅፍለት

የምድር ባቡርን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በሎኮሞቲቩ ላይ ነው። ጢሱና መንኰራኩሩ፣ የፋብሪካው ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ፣ በመስኮቱ አንገቱን ያወጣው ነጂ ዓይንን ይዘው አይለቁም። ፉርጎዎቹ ከበስተኋላ እየጠበቡ ሄደው ከሥዕሉ ጠርዝ ይጠፋሉ። ይሁን እንጂ ሐዲዱ የተዘረጋው ለእነርሱ ነው። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ በሚደርሰው 784 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ አቡጀዲና ጨው፣ ነዳጅና ብረታ ብረት ወደ ደጋው ሲወጣ የኖረው ማንም ዞር ብሎ ባላየው በዚያ ሣጥን ነው።

የፉርጎን ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከለገሃር ይልቅ ከአንኮበር ቢነሣ ይበጀዋል። ሐዲዱ ከመምጣቱ በፊት ሸዋ ከባሕር ጋር የሚገናኘው ከአንኮበር ቁልቁል፣ በአልዩ አምባ ገበያ አካባቢ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው፣ ከዚያም እስከ ታጁራና እስከ ዘይላ በሚዘልቀው የግመል መንገድ ነበር። አሞሌው ሽቅብ ይወጣል፤ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ ቁልቁል ይወርዳል። ባሮችም በዚሁ መንገድ ተነድተዋል። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ቅፍለቱ ውበት መናገር ታሪክን ማስጌጥ እንጂ መጻፍ አይደለም።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ አንኮበር ደረሰ። የበረሃው ጉዞ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ራምቦ ለካሜራ እንግዳ አልነበረም። በ1875 ዓ.ም. ሐረር ላይ ካነሣቸው ጥቂት ፎቶግራፎች አንዱ ለቡና መጫኛ የሚሆን የቁርበት ከረጢት የሚሠራን ባለሙያ ያሳያል። በዚህ አገር ስለ ጭነት ከተነሡት ፎቶግራፎች ከቀደምቶቹ መካከል የሚቈጠር፣ ከብዙ የቤተ መንግሥት ሥዕልም የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የማን እጅ እንደ ነካው ይናገራልና። ሆኖም ራምቦ ካሜራውን በ1877 ዓ.ም. ሸጦት ነበር። ስለዚህ ጠመንጃው አንኮበር ሲደርስ የግመል ነጂዎቹን ፊትና የአቀበቱን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ በእጁ አልነበረም። ባለቅኔው ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኗል፤ ነጋዴውም ካሜራውን ትቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ምኒልክ ሐረርን ያዙ። ራምቦም ወደ ባሕር ሲመለስ በመጣበት የአንኮበር መንገድ አልሄደም፤ ከእንጦጦ ተነሥቶ በምንጃርና በጨርጨር አድርጎ ሐረር ገባ። የሸዋ ንግድ ፊቱን ያዞረው በዚህን ጊዜ ነው። ሐዲዱም ከጊዜ በኋላ የተከተለው ይህንኑ የምሥራቅ አቅጣጫ ነው።

የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው በቅፍለት መንገድ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1886 ዓ.ም.፣ ቅፍለቱን የሚሽረውን የባቡር ውል ከምኒልክ የተቀበለው እርሱው ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበርና ንጉሠ ነገሥቱ በዋና ከተማቸው ባቡር ሲገባ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ሊኖር አልቻለም።

ለአንኮበር ግን ጉዳዩ የፎቶግራፍ ብቻ አልነበረም። የወራቱ የበረሃ ጉዞ በሐዲዱ ላይ የሦስት ቀን መንገድ ሆነ፤ የአልዩ አምባ ገበያም የባሕር ንግዱን አጣ። በደብረ ብርሃንና በዙሪያው ሐዲዱ ሳይደርስ ቃሉ ብቻ ደረሰ፤ እህል አስፈጭታ የምትመለስ ሴት «ባቡር ቤት ነበርሁ» ስትል የምትናገረው ስለ ወፍጮው ነው።

ኢልግ ራሱ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ስብስቡም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ተቀምጧል። የቤተ መንግሥቱን ሥዕል ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያነሣ ነበር። በዚያ ዘመን ልማድ ከሥዕሉ ግርጌ የመሐንዲሱና የመኳንንቱ ስም ይጻፋል፤ ሐዲድ ተሸካሚው «ሠራተኞች» ተብሎ ይታለፋል። በ1940ዎቹ ዲዝሉ የእንፋሎቱን ሎኮሞቲቭ መተካት ከጀመረ በኋላም ከባሕር ማዶ የሚመጣው አድናቂ ያሳድደው የነበረው ያንኑ ሎኮሞቲቭ፣ ቍጥሩንና የተሠራበትን ፋብሪካ ነው። ይህ ፍቅር የሚነቀፍ አይደለም፤ እርሱ ባይኖር ብዙው ብረት ምስሉ እንኳ ሳይቀር በጠፋ ነበር። የጭነት ባቡር ፎቶግራፍ ግን ከጅራቱ ወደ ራሱ ሲያነቡት ሌላ ነገር ያሳያል፦ ከፉርጎው በር የተደገፈ ወዛደር፣ አፉ የተሰፋ ጆንያ፣ ከጥላው የተጠለለች ሻይ ሻጭ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ይህን ንባብ አክብዶታል። ጭነቱ በታሸገ ኮንቴይነር ስለሚሄድ ካሜራው የሚያየው ቀለምና ቍጥር ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚያቀናው ሌላው ሐዲድ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ጉዳት ደረሰበት። ይህ መስመር ሐዲድን መጀመሪያ ጊዜ ከአንኮበር ተራሮች ግርጌ፣ ግመሎቹ ያቋርጡት ወደ ነበረው ቆላ አምጥቶታል።