ባሕርና ተራራ በአንድ ማዕድ
የካታላንና የጃፓን ምግብ ታሪካዊ ዝምድና

በባርሴሎና ከተማ በሚገኙ አንዳንድ ምግብ ቤቶች እንግዳው የሚሻውን መርጦ አያዝም። ከተቀመጠበት ጊዜ አንሥቶ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ የሚያልቁ ምግቦች በተራ ይቀርቡለታል። ቁጥራቸው 12 ወይም 20፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚቀድም፣ ምን እንደሚከተል የሚወስነው አብሳዩ ነው። ይህን አቀራረብ «የቅምሻ ማዕድ» ልንለው እንችላለን። ከእነዚህ ማዕዶች መካከል የካታሎኒያንና የጃፓንን አበሳሰል ያጣመሩ ይገኙባቸዋል። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከተው ይህ ጥምረት የባለጸጎች ጨዋታ፣ ወይም የዘመን ፋሽን ይመስላል። የሁለቱን ሕዝቦች የማዕድ ታሪክ ለመረመረ ግን ሥሩ ጠለቅ ያለ ሆኖ ያገኘዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ መታየት ያለበት የማዕዱ ቅርጽ ነው። ጥቂት ጥቂት እየተባለ በሥርዓት የሚቀርብ ምግብ በጃፓን «ካይሴኪ» ይባላል። ቃሉ ከሚጻፍባቸው መንገዶች አንዱ «በጉያ ያለ ድንጋይ» የሚል ፍቺ አለው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የዜን መነኮሳት ረኀባቸውን ለማስታገሥ በእሳት የሞቀ ድንጋይ በልብሳቸው ውስጥ፣ ከሆዳቸው አጠገብ ይይዙ ነበር። ከ1522 እስከ 1591 የኖረው የሻይ ሥርዓት መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ ከሻይ በፊት የሚቀርበውን ምግብ በዚሁ መንፈስ አቀለለው። ሩዝ፣ አንድ ሾርባና ጥቂት ማባያ ብቻ ይበቃ ነበር። ዓላማው እንግዳውን ማጥገብ ሳይሆን ጠንካራው ሻይ በባዶ ሆድ እንዳይጠጣ ማድረግ ነበር። በዛሬው ዓለም እጅግ ውድ ከሆኑት የማዕድ ዓይነቶች አንዱ ስሙን ያገኘው እንግዲህ ከረኀብና ከመቆጠብ ነው።

ጃፓንና የአይቤሪያ ምድር ሰዎች የተዋወቁትም በዚያው በሪኪዩ ዘመን ነው። ፖርቱጋላውያን በ1543 ታኔጋሺማ ከምትባለው የጃፓን ደሴት ደረሱ። በ1549 ደግሞ የናቫራ ተወላጁ ካህን ፍራንሲስኮ ሃቪየር ካጎሺማ ገባ። ከመርከቦቹ ጋር ምግብም ተጓዘ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ ዳቦን «ፓን» የሚሉት ከፖርቱጋልኛ ወስደው ነው፤ «ካሱቴራ» የሚባለው ኬካቸውም የካስቲልን ስም ይዞ ቀርቷል። በሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው «ቴምፑራ» ስሙን ያገኘው «ቴምፖራ» ከተባለው የላቲን ቃል እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ቃሉ ካቶሊካውያን ሥጋ የማይበሉባቸውን የጾም ወቅቶች ያመለክታል። ዛሬ የጃፓን መለያ የሆነው ምግብ በመጀመሪያ የእንግዶች የጾም መብል ነበረ ማለት ነው። ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም፤ ሐሴኩራ ጹኔናጋ የተባለው የጃፓን መልእክተኛ ወደ ሮማ ሲጓዝ በ1615 ባርሴሎና ላይ አርፎ አልፏል። ይሁን እንጂ ጃፓን በ1639 ፖርቱጋላውያንን አስወጥታ በሯን በመዝጋቷ ግንኙነቱ ለረጅም ዘመን ተቋረጠ።

ካታላኖችም በበኩላቸው ጥንታዊ የማዕድ ባህል አላቸው። «ሴንት ሶቪ» የተባለው በካታላንኛ የተጻፈ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የ1324 ሥራ ነው፤ በአውሮፓ ከሚታወቁት ቀደምት የምግብ መጻሕፍትም ይመደባል። በዚህ ባህል ውስጥ «ባሕርና ተራራ» የሚባል የአበሳሰል ስልት አለ፤ ዶሮ ከሎብስተር ጋር በአንድ ድስት ይሠራል። ጃፓኖች ደግሞ ስለ ጥሩ ማዕድ ሲናገሩ «የባሕር በረከት፣ የተራራ በረከት» ይላሉ። ሁለቱም ሕዝቦች ከኋላቸው ተራራ፣ ከፊታቸው ባሕር ባለበት ጠባብ ምድር የኖሩ በመሆናቸው፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ተመሳሳይ ቃል ማግኘታቸው አያስደንቅም።

ዝምድናው በጣዕምም ይገለጣል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ኮንቡ ከተባለው የባሕር ተክል በሚቀዳው መረቅ ውስጥ ያለውን ጣዕም መርምሮ «ኡማሚ» የሚል ስም ሰጠው። ይህ ጣዕም በበሰለ ቲማቲምና በጨው ታሽቶ በቆየ ዓሣ ውስጥም ይገኛል። ካታላኖች ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርትን በቀስታ አቁላልተው ለወጣቸው መነሻ ያደርጋሉ፤ በላ ኤስካላ ወደብ ትንንሽ ዓሦችን በጨው ማቆየት የቆየ ሙያቸው ነው። ስሙን ባያውቁትም ጣዕሙን ያውቁት ነበር።

የተቋረጠው መንገድ እንደገና የተከፈተው በፈረንሳይ በኩል ነው። ሺዙኦ ጹጂ በ1960 በኦሳካ የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ፖል ቦኪዩዝን የመሳሰሉ የፈረንሳይ ታላላቅ አብሳዮችም ወደ ጃፓን ተጉዘው የካይሴኪን አቀራረብ ተመለከቱ። በ1970ዎቹ የፈረንሳይ ማዕድ ከከባድ ወጥ ወደ ትንንሽና በወጉ ወደተደረደሩ ሳህኖች ሲሸጋገር የጃፓን አርአያነት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የቅምሻ ማዕድ ወደ ካታሎኒያም የዘለቀው በዚህ መንገድ ነው።

በሮዝስ ከተማ አጠገብ፣ በካላ ሞንትጆይ የባሕር ዳርቻ የነበረው ኤል ቡሊ ምግብ ቤት ይህን ቅርጽ እስከ ጥጉ ወሰደው። ሼፉ ፌራን አድሪያ በ1998 በአጋር አማካይነት ትኩስ ሆኖ የሚረጋ ምግብ ሠራ። ብዙዎች የቤተ ሙከራ ውጤት አድርገው ቢያዩትም፣ አጋር ግን ጃፓኖች ከባሕር ተክል እያወጡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠቀሙበት የኖሩት ነገር ነው። አድሪያ በ2002 ጃፓንን ከጎበኘ በኋላ የዚያች አገር ተጽዕኖ በማዕዱ ላይ ይበልጥ ጎላ። ኤል ቡሊ በሐምሌ ወር 2011 በሩን ሲዘጋ በአንድ ምሽት ከ30 በላይ ምግቦችን ያቀርብ ነበር።

ከዚያ ወጥ ቤት የወጣው አልበርት ራውሪክ በ2008 ከጃፓናዊት ባልደረባው ጋር በባርሴሎና ዶስ ፓሊዮስን ከፈተ። የምግብ ቤቱ ስም «ሁለት እንጨቶች» ማለት ነው፤ ቃሉ በአንድ በኩል ስፔናውያን ትንንሽ ምግቦችን የሚወጉባትን ስንጥር፣ በሌላ በኩል የእስያ ሰዎች የሚመገቡባቸውን ዘንጎች ያመለክታል። በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘችው ካርሜ ሩስካዬዳ ናት። በ1988 በሳንት ፖል ደ ማር የከፈተችውን የሳንት ፓው ምግብ ቤት እኅት በ2004 በቶኪዮ አቋቋመች። የሳንት ፖሉ ቤት 30 ዓመት አገልግሎ በ2018 ተዘግቷል።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃውሞ አልተካሄደም። በ1994 ለካታሎኒያ የመጀመሪያውን ሦስት የሚሽላን ኮከብ ያስገኘው ሳንቲ ሳንታማሪያ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ አዲሶቹን አብሳዮች በብርቱ ነቀፈ። ማርጊያና ማወፈሪያ ንጥረ ነገሮች ከምድሩና ከገበሬው የሚገኘውን ምግብ ተኩት፣ ተመጋቢውም የሚበላውን አያውቅም የሚል ነበር ክርክሩ። አድሪያን የደገፉ በርካታ ሼፎች ሳንታማሪያን አወገዙት፤ እርሱም በ2011 አረፈ።

አጋርን በተመለከተ ታሪክ ለአድሪያ ይመሰክራል፤ እንግዳ የተባለው ነገር የሌላ ሕዝብ የዕለት ምግብ ነበርና። ይሁን እንጂ ሳንታማሪያ ያነሣው ጥያቄ በዚህ አይዘጋም። ኮንቡ በካታላን ድስት ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ከላ ኤስካላ ዓሣ ጋር በጣዕም ስለሚዛመድ ነው። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ሸጦ ከሄደና የጨው ዓሣ ሙያ ከተረሳ ግን፣ ኮንቡ የሚዛመደው ዘመድ አይኖረውም። ያን ጊዜ የሚቀረው ውድ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የሁለቱን ባህሎች ማዕድ ለመመዘን ሳህን መቁጠር አይበቃም። ሪኪዩ የእንግዳውን ምግብ ያሳነሰው እያንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣና በየትኛው ወቅት እንደደረሰ ልብ እንዲባል ነበር። ዶሮና ሎብስተርን በአንድ ድስት ያገናኘችው የካታላን ባልቴትም ያበሰለችው ተራራው ከሰጣትና ባሕሩ ካመጣላት ነው። ሁለቱ በአንድ ገበታ ቢቀመጡ ለመግባባት አስተርጓሚ ብዙም ባላስፈለጋቸው ነበር።