አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ጉድጓድ

ጉናጋዶ ወይም ጅግጅጋ አካባቢ ላደጋችሁ የውሃ ነገር አይነገራችሁም። ዝናቡ በቢርካ ይጠራቀማል፤ ቢርካው ሲደርቅ ጉድጓድ ፍለጋ ይኬዳል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦር የተጋጩበት ወልወልም የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ይህ የቻይና ጥያቄ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ጥያቄው «ዘጠኙ የሒሳብ ጥበብ ምዕራፎች» በተባለው መጽሐፍ ስምንተኛ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። አምስት ቤተሰቦች በአንድ ጉድጓድ ይጠቀማሉ። የአንድ ቤተሰብ ገመዶች እኩል ርዝመት አላቸው፤ ግን ለየብቻቸው ውሃው ጋ አይደርሱም። በአንደኛው 2 ገመድ ላይ የሁለተኛው 1 ሲቀጠል ልክ ይደርሳል። የሁለተኛው 3 ከሦስተኛው 1 ጋር፣ የሦስተኛው 4 ከአራተኛው 1 ጋር፣ የአራተኛው 5 ከአምስተኛው 1 ጋር፣ የአምስተኛው 6 ከአንደኛው 1 ጋርም እንደዚያው። ጉድጓዱ ስንት ይጠልቃል? እያንዳንዱ ገመድስ?

እስቲ ቁጠሩ። ያልታወቁት ስድስት ናቸው፤ አምስት ገመድና ጥልቀቱ። እኩልዮሹ ግን አምስት ብቻ። አንድ ይጎድላል! መጽሐፉ ግን ስለዚህ ቃል ሳይተነፍስ መልሱን ቁጭ ያደርገዋል፦ ጥልቀቱ 721 ጹን (በዘመኑ መለኪያ ወደ 17 ሜትር)፣ ገመዶቹ በየተራ 265፣ 191፣ 148፣ 129 እና 76። ሞክሩት፤ 265 ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር 191፣ 721 ይሆናል። የቀሩትም ይሠራሉ።

አሁን ሁሉንም በ2 አባዙ። ጥልቀቱ 1442፣ የመጀመሪያው ገመድ 530... አምስቱም እኩልዮሽ አሁንም ትክክል ነው። በ3 ብታባዙም፣ ለ10 ብታካፍሉም ያው። መልሱ ማለቂያ የለውም። 721ን አምኖ ገመድ ሊገዛ የወጣ ሰው ባልዲው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀርበት ይችላል።

ይህን ያስተዋለው በ263 (እ.ኤ.አ.) ለመጽሐፉ ማብራሪያ የጻፈው ሊዩ ሁይ ነው። ቁጥሮቹ የሚናገሩት ንጽጽርን እንጂ እውነተኛውን ርዝመት እንዳልሆነ ገለጸ። እኔን የሚገርመኝ 721 ራሱ ነው፤ 2×3×4×5×6 ብላችሁ 1 ጨምሩበት! ቻይናውያኑ ሰሌዳ ላይ በደረደሯቸው እንጨቶች ያልታወቁትን አንድ በአንድ እያጠፉ ነው የደረሱበት። ዛሬ ይህን ዘዴ በጋውስ ስም እንጠራዋለን፤ ጋውስ ግን የተወለደው በ1777 (እ.ኤ.አ.) ነው።

የጎደለውን ስድስተኛ እኩልዮሽ ከየት እናምጣ? አንዲት ገመድ ለኩ። የአምስተኛው ቤተሰብ ገመድ 4 ሜትር ከሆነ፣ 4ን በ721 አባዝታችሁ ለ76 አካፍሉ፤ ጉድጓዱ ወደ 38 ሜትር ይጠልቃል።